ክርስቶስ ማን እንደሆነ ሲመረምሩ የኖሩ መነኵሴ፤ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር የጅራፍ ድምፅ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይተላለፋል። ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ይዘምራሉ፤ እናቶችም ሙልሙል ጋግረው ይጠብቋቸዋል። በዓሉ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራ ላይ ክብሩን ለሦስት ደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት ነው፤ ከተማይቱም ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ተራራ ነው። በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል ይህ ታሪክ የሚመጣው ጌታ ሰዎች ማን እንደሚሉትና ደቀ መዛሙርቱም ማን እንደሚሉት ከጠየቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ጥያቄው ይነሣል፤ ብርሃኑ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ያ ጥያቄ በአገራችን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሊቅን ከሊቅ፣ ገዳምን ከገዳም፣ አውራጃን ከአውራጃ ሲያከራክር ኖሯል። የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ያዋሉ፣ በመጨረሻም ሕይወታቸውን የሰጡበት መነኵሴ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የክርክሩ ሥር

የአባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት ለመረዳት አስቀድሞ ሊቃውንቱ በምን ይከራከሩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የክርክሩ ሥር ያለው በወንጌል ንባብ ላይ ነው። ቅዱስ ሉቃስ፣ ጌታ በናዝሬት ምኵራብ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ገልጦ፣ የእግዚአብሔር መንፈስ ስለ ቀባው ስለ ነቢዩ አገልጋይ የተጻፈውን ለራሱ እንደ ወሰደ ይተርካል። አራቱም ወንጌላውያን መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በእርሱ ላይ እንደ ወረደ ይመሰክራሉ። በሐዋርያት ሥራም ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲሰብክ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ክርስቶስ የሚለው ስም ራሱ የተቀባ ማለት ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ እንዲህ እያሉ ጠየቁ፦ ከዘለዓለም አምላክ የሆነው ቃል ሥጋን ሲዋሐድ መቀባት ስለ ምን አስፈለገው? የተቀባውስ በየትኛው ወገኑ ነው? ቅብዐቱስ ምን ሰጠው?

ለዚህ ሦስት ዓይነት መልስ ተሰጠ። አንደኛው ወገን፣ ተቃዋሚዎቹ ካራ ይሉት የነበረው የተዋሕዶ ወገን፣ ተዋሕዶው ራሱ ቅብዐት ነው፤ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው ይል ነበር። ሁለተኛው፣ በጎጃም ገዳማት የጸናው የቅባት ወገን፣ ሥጋ የከበረውና ክርስቶስ በሰውነቱ የአብ የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው ይል ነበር። ሦስተኛው፣ በጎንደርና በሸዋ ብዙ ደጋፊ የነበረው የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ወገን ነው፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከእመቤታችን ያለ አባት ከተወለደው ልደት ቀጥሎ በመንፈስ ቅዱስ የተቀበለውን ጸጋ ሦስተኛ ልደት ብሎ ይቈጥረው ነበር።

አንባቢ ይህን ሲያይ የቃላት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በጥበብና በቁመት ያድግ እንደነበረ የተጻፈለት፣ የተራበ፣ የደከመ፣ በጌቴሴማኒ የተጨነቀ ኢየሱስ እውነተኛ ሰው ነውን? ሰው ከሆነስ እንደ ሰው ከእግዚአብሔር የሚቀበለው ነገር አለን? አምላክነቱን ብቻ ያየ ሰውነቱን ሊውጥበት፣ ሰውነቱን ብቻ ያየ አምላክነቱን ሊክድበት ይችላል። ሦስቱም ወገኖች የፈሩት ይህን ነበር፤ ሦስቱም ክርስቶስን አምላክም ሰውም ብለው ያመልኩት ነበር።

በዚህ ታሪክ እኛ ካቶሊካውያን ራሳችንን ንጹሕ አድርገን ልናቀርብ አይገባንም። በ1603 ወደ አገራችን የገባው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ቋንቋ ተምሮ፣ ሊቃውንትን በትዕግሥት አነጋግሮ ተከብሮ ነበር። እርሱ በ1622 ካረፈ በኋላ ግን የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ሥርዓት በትእዛዝ ለመለወጥ ሞከሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስም ሰይፋቸውን ለዚህ አዋሉ። በደቡብ ጎንደርና በላስታ ደጋዎች ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1632 ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መለሱለት። የቅብዐት ክርክር እየጋለ የሄደውም ሊቃውንቱ ለኢየሱሳውያን መልስ ሲያዘጋጁ ነበር። በኃይል የተሰበከ እውነት ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ እንማራለን።

ከዲቦ እስከ ጎንደር

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ በምትገኘው በዲቦ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ለእርሻና ለጦር ይህ ጉድለት ቢሆንም ከፊደል ገበታ አላራቃቸውም። በመርጡለ ማርያም ገዳም ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ሰዋስዉን እየቀጸሉ አደጉ፤ በሃያ አምስት ዓመታቸው ገደማም መነኰሱ። ገዳሙ የቅባት ሊቃውንት የጸኑበት ስለ ነበረ የመጀመሪያ ትምህርታቸው በዚያው መንገድ ነበር።

ወጣቱ መነኵሴ ግን መምህሩ የነገሩትን ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የምንኵስና ሥርዓት ከጥንት መሠረቱ እየራቀ መሄዱ ስላሳዘናቸው ምንጩን በመጻሕፍት ለማግኘት ፈለጉ። በዚህ ምክንያት ከአለቆቻቸው ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም ይዞሩ ጀመር። ይህ ፍለጋ በመጨረሻ ጎንደር አደረሳቸው።

ጎንደር በዚያን ጊዜ ነገሥታቷ ኃይል ያጡባት፣ ሊቃውንቷ ግን ያልጐደሉባት ከተማ ነበረች። የወንጌል ትርጓሜ ወንበር በዚያ ተዘርግቶ ነበር። ደቀ መዝሙሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጕማል፤ ከዚያም አንድም እያለ ሌላ ምሥጢር፣ ሌላ ታሪክ፣ ሌላ ምሳሌ ይጨምራል። አንዱ ትርጓሜ ሌላውን ሳይሽረው ጐን ለጐን ይኖራሉ። በዚሁ ደጋ አገር በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ሊቃውንትን ያፈሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ ያለው ትምህርት ቤት ስለ ክርስቶስ ማንነት ሲነሣ ግን ይጠብብ ነበር፤ በዚያ ላይ አንድም የሚል አልነበረም።

አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር አስተማሩ፤ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። ዙፋን እንጂ ሥልጣን ያልነበራቸው ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊም ከወዳጆቻቸው አንዱ ነበሩ። እሳቸው ግን እያስተማሩ ይማሩ ነበር። ሃይማኖተ አበውን፣ የሐዋርያትን መልእክታትና የጥንት አባቶችን ቃል እያስተያዩ ያደጉበትን የቅባት ትምህርት መረመሩ፤ የሌሎቹንም ወገኖች ማስረጃ እንዲሁ መረመሩ። እየቈየም አንድ ነገር ግልጽ ሆነላቸው፦ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚስማማውን ጥቅስ ይዞ የሌላውን ይተወዋል። ሙሉውን ወንጌል ከሙሉው የአበው ምስክርነት ጋር ይዞ መልስ የሚሰጥ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው።

የደብረ ታቦር ጥላ

ክርክሩ በሊቃውንት ወንበር ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጓት ራስ ጉግሣ ከሞቱ በኋላ ሥልጣኑ እየተላለፈ በ1831 ለራስ ዓሊ ደረሰ፤ ራስ ዓሊም በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጎንደር ነገሥታትን ያነግሡና ያወርዱ ነበር። በሰሜንና በትግራይ ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ኃይላቸውን አጠንክረው ነበር። መሳፍንቱ ርስታቸውን ሲከፋፈሉ የሃይማኖት ወገኖችንም አብረው ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን አንዱን ራስ ሲደግፍ ሌላው ሌላውን ይደግፋል፤ የጦሩ ዕድል ሲለወጥ ትክክለኛው ሃይማኖት የተባለውም አብሮ ይለወጣል።

በዚያ ላይ አገሪቱ ያለ ጳጳስ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይታ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ ለማስመጣት ሲያስቡ የተከተሉትም ሐሳብ የነፍስ ብቻ አልነበረም፤ ጳጳስ በእጁ ያለ መስፍን በሕዝብ ፊት ከፍ ይላልና። በ1839 ዓድዋ የገቡት የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ኢጣሊያዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው ቅዱስ፣ ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄዱ ደጃዝማች ውቤ ለመኗቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም ኢየሩሳሌምን ለመሳለምና የሚፈልጓቸውን መጻሕፍት ለማግኘት ከዚሁ ጉዞ ጋር ተቀላቀሉ። ጓዙ በጥር 1841 ከዓድዋ ተነሣ።

ወደ ካይሮ፣ ወደ ሮማና ወደ ኢየሩሳሌም

አባ ገብረ ሚካኤል ጉዞውን ሲጀምሩ ለዚህ የባሕር ማዶ ካህን ልባቸው አልተከፈተም ነበር። የኢየሱሳውያን ዘመን ትዝታ ገና ትኩስ ነበረና ፈረንጅ ካህን ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። አቡነ ያዕቆብ ግን በመንገድ ላይ አልተከራከሩም። ከመልእክተኞቹ ጋር የሚበሉትን በሉ፤ የታመመውን አስታመሙ፤ የሰደባቸውን ዝም አሉ። ብዙ ጉባኤ ያየው አንድ ዓይን ይህንንም አየ።

በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ ሳብዓይ እንድርያስ የተባለውን ወጣት መነኵሴ መርጠው አቡነ ሰላማ ብለው ሾሟቸው። አባ ገብረ ሚካኤል የተመረጡት ሰው ዕድሜና ዝግጅት ለእንዲህ ያለ ታላቅ ኃላፊነት አይበቃም ብለው ተቃወሙ፤ ነገር ግን አልተሰሙም። ሹመቱ ከተፈጸመ በኋላ ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከአዲሱ ጳጳስ ጋር ሲመለሱ አባ ገብረ ሚካኤልና ሌሎቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ ሄዱ። በነሐሴ 1841 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛ በክብር ተቀበሏቸው። ከዚያም ወደ ቅድስት አገር ተሻገሩ።

በኢየሩሳሌም የነበራቸውን ስሜት ማንም ሊገምት ይችላል። በመጻሕፍት ብቻ ያወቁት ታሪክ በዚያ ምድር አለው፤ ኮረብታ አለው፤ የሚረገጥ ድንጋይ አለው። ሊቃውንት በግእዝ ምሥጢር የሚያመሰጥሩት ጌታ በዚያች አገር እንደ ሰው ሁሉ መንገድ ሄዶ ጫማው አቧራ ነክቶት ነበር። የክርስቶስ ሰውነት ለክርክር የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም፤ በጊዜና በቦታ የሆነ እውነት ነው።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ አባቶች እንደሚተርኩት በመመለሻቸው በካይሮ ከፓትርያርኩ ጋር ስለ ቅብዐት ክርክር ተነጋገሩ፤ የሃይማኖት ቃል የያዘ ደብዳቤም ተቀበሉ። አገር ቤት ሲደርሱ ደብዳቤውን ለአቡነ ሰላማ አቀረቡ፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። አቡነ ሰላማ እንግዳ በሆነ አገር ገና በወጣትነታቸው በመሳፍንት ፉክክር መካከል የወደቁ ሰው ነበሩ። በየካቲት 1842 ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ሊወጉ እስከ ደብረ ታቦር ሲዘምቱ ጳጳሱንም ይዘው ነበር። ውቤ በዚያ ጦርነት ድል አደረጉ ሲባል በዚያው ዕለት ተማረኩ። ጳጳሱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአንዱ መስፍን ጥላ ወደ ሌላው ጥላ ሲሻገሩ ኖሩ፤ በ1846ም ራስ ዓሊ ከጎንደር አስወጧቸው።

በዓድዋ የተቈረጠ ውሳኔ

አባ ገብረ ሚካኤል መልሳቸውን በጦር ሜዳ አልፈለጉም። በ1843 ወደ ዓድዋ ወርደው ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ለወራት በመጻሕፍት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሰዎች እንደ ተከራካሪ ሳይሆን አንዲት ጸሎት እንደሚደግሙ መነኰሳት ተነጋገሩ። አባ ገብረ ሚካኤል የግእዙን መጻሕፍት ያመጣሉ፤ አቡነ ያዕቆብ የቤተ ክርስቲያንን የጉባኤያት ውሳኔ ያስረዳሉ። በ451 የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ፣ አንዱ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹምም ሰው ነው፤ መለያየትም መቀላቀልም የለበትም ሲል የጠበቀው ነገር ይፈልጉት የነበረውን መልስ ሆኖ አገኙት። በዚህ ትምህርት የወንጌሉ ቅብዐት ስፍራውን ያገኛል፤ የሰውነቱ እውነተኛነት አይነካም፤ አካሉም አይከፈልም።

በየካቲት 1844 በዓድዋ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። አንድ የታወቀ ሊቅ በዚያ ዕድሜ የኖረበትን ወንበር ትቶ እንደ ተማሪ እንደ ገና ሲጀምር ከባድ ነገር ነው። ጥቅም ፈልገው እንዳላደረጉት ኋላ የደረሰባቸው መከራ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው የሥራ ዘመን ነበር። በ1845 በአዲግራት አጠገብ በጓላ በተከፈተው የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አገር በቀል ካህናትን አሠለጠኑ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ደከሙ፤ ለግእዝ ሰዋስውም ዕውቀታቸውን ሰጡ። አሳዳጆች ሲነሡባቸው ወደ አሊቴና ተራሮች ሸሹ፤ በዚያም በ1851 መጀመሪያ ላይ ጵጵስና የተቀበሉት አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሾሟቸው። ስድሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ካቶሊክ ሆኑ እንጂ ግእዛቸውን፣ ጾማቸውንና ምንኵስናቸውን አልተዉም። አቡነ ያዕቆብም ይህን እንዲተዉ አልጠየቋቸውም።

በዚያው ዘመን በራስ ዓሊ ግዛት፣ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ካፑቺኑ አባ ዩስቶስ ዘኡርቢኖ ከአካባቢው ሊቃውንት ግእዝ ይማሩና መጻሕፍት ያሰባስቡ ነበር። መሳፍንቱ ሲዋጉ በዚህ ደጋ አገር የሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት ልጆች በአንድ ብራና ላይ ጐንበስ ብለው የተቀመጡበት ጊዜም እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ሰንሰለቱ

በሰኔ 1853 ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ነሡ፤ የደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት ዘመንም አበቃ። ካሣ አገሪቱን አንድ ለማድረግ ቈርጠው ስለ ነበር የሃይማኖት ክርክሩንም በአንድ ትእዛዝ ሊዘጉት ፈለጉ። በ1854 ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤም የተዋሕዶ ሃይማኖት ታወጀ፤ ሌላው ሁሉ ተከለከለ። የአንድነቱ ፍላጎት የሚነቀፍ አይደለም፤ ሕዝቡ በመሳፍንት ጦርነት ደቅቆ ነበርና። መንገዱ ግን የሰንሰለት መንገድ ሆነ።

በሐምሌ 1854 አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ከአራት ባልንጀሮቻቸው ጋር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብም ታስረው ከቈዩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ ሁለቱ ወዳጆች በዚህ ዓለም ዳግመኛ አልተገናኙም። ሽማግሌው መነኵሴ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ለወራት ቈዩ። በየጊዜው እየቀረቡ እምነታቸውን እንዲክዱ ይጠየቁ ነበር፤ እየተመለሱም ይታሰሩ ነበር። ለሚጠይቋቸው ሁሉ በመጻሕፍት ማስረጃ ይመልሱ ነበር። በእስር ቤትም ሊቅ ሆነው ኖሩ።

ካሣ በየካቲት 1855 በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥትም መነኵሴውን በፊታቸው አቁመው እንዲታዘዙ አዘዙ። አባ ገብረ ሚካኤል ንጉሡን በምድራዊ ነገር ሁሉ እንደሚታዘዙ፣ በሃይማኖት ነገር ግን ለኅሊናቸው እንደሚገዙ አስረዱ። በጅራፍ ፊታቸው ተገረፈ፤ ያለቻቸው አንዲት ዓይንም አልተረፈችም ተብሎ ነበር። ትውፊት እንደሚለው ግን ከግርፋቱ ሲነሡ ዓይናቸው ብሩህ ሆና ተገኘች፤ ያዩትም በቅዱስ ጊዮርጊስ መሰሏቸው።

በግንቦት 1855 እንደ ገና ለፍርድ ቀረቡ። በዚያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ሽማግሌው ለመነ፤ የሞት ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር በወሎ ዘመቻ ይነዱ ጀመር። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። በሠፈሩ ውስጥ በሽታ ገባ፤ እሳቸውም ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ለታመሙት ያካፍሉ ነበር። የሚጠብቋቸው ወታደሮች ሳይቀሩ አከበሯቸው። በዚያው በ1855 ክረምት በመንገድ ላይ ደክመው ዐረፉ፤ በዛፍ ሥርም ተቀበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ገደማ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ ዘመን፣ በ1926፣ ብፁዕ ሰማዕት ብላ አወጀቻቸው። የላዛሪስት ማኅበር አባል ለመሆን ፈልገው ሳይፈጽሙት ስለ ሞቱ ማኅበሩ ከልጆቹ አንዱ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። አቡነ ያዕቆብ በ1860 ዐርፈው በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ። አቡነ ሰላማ ደግሞ የደገፏቸው ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው አስረዋቸው በ1867 በመቅደላ እንደ ታሰሩ ዐረፉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው አምባ ሕይወታቸው አለፈ። ይህን የምንጽፈው የማንንም ውድቀት ለመቍጠር አይደለም፤ ያሳሰረውንም የታሰረውንም አንድ ሰንሰለት እንዳገኛቸው ለማስታወስና ለሁሉም ዕረፍትን ለመለመን ነው።

ለእኛ የተወው ነገር

ክርክሩ በሰንሰለት አልተዘጋም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው የተዋሕዶን ትምህርት እስኪያጸኑ ድረስ ቀጠለ፤ በዚያም ጉባኤ የተሸነፉት ቅጣት አገኛቸው። ጥያቄው በኃይል ሲመለስ ዝም ይላል እንጂ አይሞትም።

ዛሬ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሌላ ዓይነት ክርክር ይገጥማቸዋል። በትምህርት ቤትና በመጻሕፍት አንዳንዶች የታሪኩን ኢየሱስ ከምናመልከው ክርስቶስ ለይተው፣ የመጀመሪያው የናዝሬት መምህር ብቻ ነበረ፤ ሁለተኛውን የፈጠረችው ቤተ ክርስቲያን ናት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ይህን ፈርተው ስለ ወንጌላት አጻጻፍ ምንም ጥያቄ እንዳይነሣ ይከለክላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም መንገድ አልመረጠችም። በ1964 የጳጳሳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሚሲዮን ያወጣው መመሪያ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ መለኮታዊ መገለጥ ያወጣው ውሳኔ፣ ወንጌል ወደ እኛ የደረሰው በሦስት ደረጃ መሆኑን ያስተምራሉ። አስቀድሞ ጌታ ራሱ ሠራና አስተማረ፤ ቀጥሎ ሐዋርያት ከትንሣኤው ብርሃን በኋላ ያዩትንና የሰሙትን ሰበኩ፤ በመጨረሻም ወንጌላውያን ከስብከቱ መርጠው እያንዳንዱ ለምእመናኑ በሚስማማ መንገድ ጻፉ። ስለዚህ ማቴዎስና ሉቃስ አንዱን ታሪክ በተለያየ መልክ ቢያቀርቡ አንባቢ ሊደነግጥ አይገባውም። የጎንደር ትርጓሜ ቤት ተማሪ አንዱን ንባብ በብዙ አንድም ሲሰማ አይደነግጥም ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤልም ያነሡት ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። በናዝሬት ምኵራብ የቆመው ሰውና ከዘለዓለም ከአብ ጋር ያለው ቃል አንድ ነውን? አዎን፣ አንድ ነው። ሰውነቱ እውነተኛ ነውን? አዎን፣ ከኃጢአት በቀር በሁሉ እንደ እኛ ነው። ወደዚህ መልስ የደረሱት ጥያቄውን በመፍራት ሳይሆን በመመርመር ነበር። ለመማር ፈቃድ ጠየቁ፤ የማይስማሟቸውንም አነበቡ፤ የተሳሳቱ ሲመስላቸው ስማቸውን ሳይሳሱለት ተመለሱ፤ ያመኑበትን ደግሞ በማንም ላይ አልጫኑም። በእሳቸው ላይ ጅራፍ ተነሣ እንጂ እሳቸው በማንም ላይ አላነሡም።

ይህ ለእኛ ከባድ ትምህርት ነው፤ የምንኖረው ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በአንድ መንደር፣ በአንድ ዕድር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ነውና። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊ በሮማ ተገናኝተው ጌታችን ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን፣ አምላክነቱም ከሰውነቱ ለቅጽበት እንዳልተለየ በአንድነት መሰከሩ። በ2016 ደግሞ የኢትዮጵያው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጋር በሮማ ተገናኙ። የሚቀሩ ልዩነቶች አሉ፤ መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ጐረቤቱን ክርስቶስን እንደማያውቅ አድርጎ የሚያስተምር መምህር የአባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት አላነበበም። እሳቸው ግእዙን፣ አበውንና የወንጌሉን ፍቅር የተማሩት ከማን ነበር? ከመርጡለ ማርያምና ከጎንደር ሊቃውንት አይደለምን?

በመጪው የደብረ ታቦር በዓል ልጆቻችን ጅራፍ ሲያጮኹ፣ ጅራፉ ለደስታ እንጂ ለሰው ፊት እንዳልተሠራ እናስተምራቸው። በዚያች ዕለት ወንጌሉ ሲነበብ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያቀረበውን ጥያቄ ለራሳችን እንጠይቅ፤ መልሱንም በመጽሐፍ፣ በጸሎትና በፍቅር እንፈልገው። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።